በአንድ ጣሪያ ሥር፦ በባሕር ዳር ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና እናቴ ኦርቶዶክስ ነን። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ወንጌላዊ ሆነ። አጎቴ ያገባት ደግሞ የካቶሊክ ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በከተማችን ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ስለ እሱ በግልጽ ማውራት ነው። ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ፣ ከሰንበቴ ስንመለስ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የዶግማውን ጉዳይ ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ያነበብኩትንና የኖርኩትን እንደ አንድ ምእመን እመልሳለሁ።

«አንድነት» ሲባል ሁላችንም አንድ ቤተ ክርስቲያን እንግባ ማለት ነው?

አይደለም። በአንድ መንበር ቀድሶ አንድ ሥጋ ወደሙ መቀበል የሃይማኖት አንድነትን ይጠይቃል፤ ይህን የሚወስኑት ሲኖዶሶችና ጉባኤዎች እንጂ እኔና ጎረቤቴ በቡና ላይ የምንስማማበት ጉዳይ አይደለም። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 «ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ» ብሎ የጸለየው ጸሎት ግን ለጳጳሳት ብቻ የተተወ አይመስለኝም። ምእመናን በእጃችን ያለ ድርሻ አለን፦ ሙት አብረን መቅበር፣ ታማሚ መጠየቅ፣ ስለ ሌላው እምነት ሐሰት አለማውራት፣ በክርስቶስ ስም የሚጠራን ሰው እንደ ባዕድ አለማየት። እኔ አንድነት የምለው በዋናነት ይህንን ነው።

ኦርቶዶክስ ነኝ። ይህ ሃይማኖት መቀላቀል አይሆንብኝም?

ይህን ጥያቄ ማንም ሰው እንደ ጠባብነት ሊያየው አይገባም። በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሰው ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ታሪክ አለው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካቶሊካዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ወደ አገራችን መጣ። አማርኛና ግእዝ የተማረ፣ ትሑት ሰው ነበር ይባላል፤ በጎርጎራ በሐይቁ ዳር ሠርቶ፣ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1622 አረፈ። በዚያው ዓመት አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ነገሩ የከፋው ከፓኤዝ በኋላ አልፎንሶ ሜንዴዝ የካቶሊክ ፓትርያርክ ሆኖ ሲመጣ ነው። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር ተባለ። አስቡት፦ አያቶቹ በዚህች ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠመቁለትን ገበሬ «ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም» ብሎ በንጉሥ አዋጅ መንገር።

እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን ትታ የመነነችው በዚሁ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ተከሰሰች፣ ተጋዘች፤ በጣና ዙሪያ የመነኮሳት ማኅበራትን መሠረተች። ቆራጣ ያለው ገዳም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። አመፁ ተቀጣጠለ፣ ወንድም ወንድሙን ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ ከፈሰሰው ብዙ ደም በኋላ አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት የሚመልስ አዋጅ አወጁ፤ ዙፋኑም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሆነ። ጎርጎራ ሄዶ የማርያም ግንብን ፍርስራሽ በሐይቁ ዳር ያየ ሰው ይህን ታሪክ በድንጋይ ተጽፎ ያገኘዋል።

ሌላውንም ወገን ግን መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1638 አጋታንጄሎስና ካስያኖስ የሚባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቅለው ተገደሉ። የእኛው የጎጃም ልጅ፣ በመርጡለ ማርያም የመነኮሱት አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆናቸው እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ሞቱ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። የአጎቴ ሚስት ሥዕላቸውን ከምኝታዋ ራስጌ ሰቅላለች። እናቴ ደግሞ የወለተ ጴጥሮስን ገድል ትሳለማለች። ሁለቱም የተሰቃዩት በዚሁ አገር፣ በአንዱ በክርስቶስ ስም ነው። እነዚህ ሁለት ሴቶች አብረው ቡና ሲጠጡ ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ልቤን ይነካዋል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ ያ ዘመን የተበላሸው ሰዎች ስለ ሃይማኖት በመነጋገራቸው አልነበረም። የተበላሸው የአንዱ ጥምቀት በሌላው አዋጅ ስለ ተናቀ ነው። እምነትህን ጥለህ የምታገኘውን «አንድነት» እኔም አልመክርህም። እምነትህን አጥብቀህ ይዘህ ጎረቤትህን ማወቅ ግን መቀላቀል አይደለም።

የምንለያይበት ምኑ ላይ ነው? በእውነት ትልቅ ልዩነት አለ?

አለ። «ሁሉም ያው ነው» የሚል ሰው አንዱንም በቅጡ አያውቅም።

ከካቶሊክ ጋር ያለን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ይጀምራል፤ ነገሩ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን በምን ቃል እንናገር የሚል ነው። የሮሙ ፓፓ ሥልጣንም ሌላው ነጥብ ነው። ይሁን እንጂ ከኒቅያ የወረስነው ጸሎተ ሃይማኖት በሁለታችንም ቅዳሴ ይጸለያል፤ በአገራችን የግእዝ ሥርዓት የምትከተለው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የግብፁ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊና ፓፓ ጳውሎስ ስድስተኛ ስለ ክርስቶስ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉት ኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት፣ የእኛዋም ጭምር፣ ከካቶሊክ ጋር በጋራ ኮሚሽን ሲነጋገሩ ቆይተዋል።

ከወንጌላውያን ጋር ልዩነቱ ይሰፋል፦ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን፣ ክህነት፣ የቅዱሳን ምልጃ፣ የእመቤታችን ክብር፣ ታቦት፣ ጾም። ወንጌላውያን እርስ በርሳቸውም አንድ ወጥ አይደሉም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ግን አምኖ የሚናገረውን ሰው ነው የሚያጠምቁት።

ጎጃሜ ለሆነ ሰው አንድ ነገር ላክል። ልዩነት ከውጭ ብቻ አልመጣም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ በሚባሉ የትምህርት ወገኖች ተከፍለን በራሳችን ቤት ውስጥ ለሁለት መቶ ዓመት ተከራክረናል፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪያስወስኑ ድረስ የጎጃም ሊቃውንት ከሌላው ጋር አልተስማሙም ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ወንጌላዊውን «እናንተ ተከፋፍላችኋል» ሲል ድምፁን ትንሽ ይቀንሳል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን አንድ ነው?

በመጻሕፍቱ ቁጥር አንድ አይደለም፦ ኦርቶዶክስ 81፣ ካቶሊክ 73፣ ወንጌላውያን 66 ይቆጥራሉ። ሐዲስ ኪዳን 27ቱ ግን ለሁሉም ያው ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ ሠራው፣ ያሳተመው ደግሞ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣውን ትርጉም እናቴም ወንድሜም ያነቡታል። መዝሙር 23 በቃል ሲባል ከአንዱም ከሌላውም አፍ የሚሰማው ቃል አንድ ነው።

በዓላችንስ አንድ ቀን ነው?

ስለ ሆነልን እግዚአብሔር ይመስገን! በሌላው ዓለም አንዱ ፋሲካ ሲያከብር ሌላው ገና ይጾማል። እዚህ ግን ወንጌላዊውም ካቶሊኩም ታኅሣሥ 29 ልደትን፣ በአንድ እሑድ ትንሣኤን ያከብራል። ዶሮው የሚታረድበት ሌሊት አንድ ነው። ይህን ያህል የሚያቀራርብ ነገር ያለው አገር ብዙ አይደለም።

ወንድሜ ወንጌላዊ ነው። ለልጄ የክርስትና አባት ሊሆን ይችላል?

በኦርቶዶክስ ሥርዓት አይችልም፤ ክርስትና የሚያነሳው በዚያው እምነት ያለ መሆን አለበት። አታስጨንቁት፣ እናንተም አትጨነቁ። ለግብዣው ግን ከፊት አስቀምጡት። ወንድሜ የልጄ ክርስትና ዕለት ማለዳ ሽንኩርት ሲከትፍ ነበር የዋለው።

ለመጋባትስ?

በቁርባን ለመጋባት ሁለቱም በአንድ እምነት መሆን አለባቸው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አንደኛው ወገን ለሠርጉ ሲል «ተመልሻለሁ» ይልና ከሠርጉ ማግስት ወደ ነበረበት ይሄዳል። ይህ የእግዚአብሔርን ምሥጢር መቀለጃ ማድረግ ነው፤ ጋብቻውንም ከመነሻው በሐሰት ያቆመዋል። ተዋድዳችሁ ከሆነ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ተቀመጡና ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ ልጆቹ የት ይጠመቃሉ፣ ጾም በቤት ውስጥ እንዴት ይሆናል፣ ስንሞት የት እንቀበራለን። ሦስተኛውን ወጣቶች ይስቁበታል። ቀብሩ ሲመጣ ግን ቤተሰብ የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው።

ቀብርና እድር ላይ ምን እናድርግ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

አባታችን ያረፈ ዕለት ፍትሐቱ ሲደርስ ወንድሜ ከቅጥሩ ውጭ ቆመ። በእሱ እምነት ለሞተ ሰው የሚደረገውን ጸሎት አይሳተፍም፤ ተሳትፎ መስሎ መታየትንም አልፈለገም። ግን አባቱ ነው። ከውጭ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ቀባሪው ወጣ ሲል «የአባቱን ሬሳ ናቀ» የሚል ቃል ሰማሁ። ያን ጊዜ ከእድራችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቀዳሽ ሆነው የኖሩ አባት፣ ከውስጥ ወጡና ጋቢያቸውን ግማሹን ለወንድሜ አልብሰው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከጎኑ ቆሙ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ድረስ ጥምቀት ሲሆን ቤታቸው ሄዶ ይጠይቃቸዋል።

የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እድር የከፈሉ አንዲት ወንጌላዊት እናት ሲሞቱ፣ «ፍትሐት ለሌለው ሰው ድንኳን አይተከልም» ያሉ የእድር መሪዎች ነበሩ። ልጆቻቸው ሬሳ ይዘው ክርክር ገጠሙ። በመጨረሻ ጎረቤቱ ከየቤቱ ሸራና ወንበር አውጥቶ ድንኳን ሠራ። እፍረቱ ግን አሁንም በሰፈሩ አለ።

እድር የጎረቤት ማኅበር ነው፤ መዋጮው ሲሰበሰብ ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ሲሞትም ሊጠየቅ አይገባም። ስለዚህ ሰው ሳይሞት፣ ልብ ሳይቆስል፣ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ አንሡትና ደንቡ ውስጥ ይጻፍ፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ዕቃና የቀብር ገንዘብ ለማንኛውም አባል እኩል ነው፤ ጸሎቱና የመቃብሩ ቦታ የሟቹ ቤተ እምነት ጉዳይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚቀበረው የዚያች ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ወንጌላውያን ቤተሰቦችም መቃብራቸው የት እንደ ሆነ አስቀድመው ለጎረቤት ቢናገሩ በዚያ ሰዓት የሚመጣው ግርግር ይቀንሳል።

ለሁለታችንም አንድ ልመና አለኝ። ለቅሶ ቤት መስበኪያ አይደለም። ወንጌላዊው ለሐዘንተኛው «አባትህ ድኖ ነበር ወይ?» አይበል። ኦርቶዶክሱም «ያለ ፍትሐት እንደ እንስሳ ተቀበረ» አይበል። ንፍሮ ይዛችሁ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ በቂ ነው።

«ጴንጤ» እና «መናፍቅ» ማለት ስድብ ነው?

«ጴንጤ»ን ብዙዎቹ ራሳቸውም ይጠቀሙበታል፤ ቃሉ ሳይሆን የሚባልበት አንደበት ነው የሚያቆስለው። «መናፍቅ» ግን የዶግማ ቃል ነው፤ ጎረቤትን በመንገድ ላይ ለመጥሪያ የተሰጠ አይደለም። ከዚያ ወገንም «ጣዖት አምላኪ»፣ «ያልዳነ» የሚለው አነጋገር አለ። እናቴ ማተቧን ይዛ ሌሊት ለሦስት ሰዓት ቆማ ጸልያ ስትመለስ፣ እሷን «ጌታን አታውቀውም» ማለት በሐሰት መመስከር ነው። ሰውን ራሱን በሚጠራበት ስም ጥሩት።

ወንጌላውያን አንድነት የሚሉት ሰው ለመውሰድ አይደለም?

ሥጋቱን ወንድሜን ፊት ለፊት ጠይቄዋለሁ። «እምነቴን አልደብቅም፣ በሽተኛ ጥየቃ ሰበብ ግን አልሰብክም» አለኝ። መለኪያው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በስንዴ፣ በትምህርት ቤት ክፍያ፣ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ሰውን ማስኮብለል ወንጌል አይደለም፤ ከወንጌላውያን መካከልም ይህን የሚቃወሙ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው በገዛ ልቡ መርምሮ እምነቱን ቢለውጥ ከቤት ማስወጣትና ከርስት መንቀል የክርስቶስ ትምህርት አይደለም። ወንድሜ ሲለወጥ አባቴ ለሦስት ወር አላናገረውም። በአራተኛው ወር በር ከፍቶ «እራት ቀርቧል፣ ግባ» አለው። ሌላ ምንም አላለም፤ አስፈላጊም አልነበረም።

አባቶችስ በላይ ምን ሠርተዋል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ሲመሠረት ጀምሮ አባል መሆኗን ነው። መካነ ኢየሱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ገባች። ፓትርያርካችን የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆነው ተመርጠው እስኪያርፉ አገልግለዋል። ከዚያ በፊት በ1957 ዓ.ም. የእኛ፣ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ ኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር፤ ከኬልቄዶን ወዲህ እንዲያ በአንድነት ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

በራሳችን ቤት ደግሞ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ለሁለት ተከፍሎ የነበረው ሲኖዶስ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ታርቆ አቡነ መርቆሬዎስ ከስደት ተመለሱ። ያን ቀን ባሕር ዳር ውስጥ ያለቀሰውን ሰው አልረሳም። በ2007 ዓ.ም. ካቶሊካውያን የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከትን መሥርተው ከተማችን የጳጳስ መቀመጫ ሆናለች።

አንድ ማስተካከያ ላድርግ፦ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የሚባለው ሙስሊሞችንም ያካተተ፣ ስለ ሰላም የሚሠራ አካል ነው። መልካም ነው፤ ግን የክርስቲያኖች አንድነት ጥያቄ ሌላ ነው፣ አታደባልቋቸው።

አብረን ምን ልንሠራ እንችላለን?

እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ጣናን ከወረረ ወዲህ የታየውን አስታውሱ። አራሹም ተማሪውም መነኩሴውም ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ከጎኑ ያለው ማተብ ይሠር አይሠር ማን ጠየቀ? ወንድሜና የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው አይቻለሁ፤ ለምሳ አንዱ የጾም ወጥ ስላመጣ ሁሉም የጾም በሉ። ሐይቁ የሁላችን ነው። ሌላም አለ፦ የአረጋውያንን ቤት ጣሪያ ማደስ፣ ታራሚ መጠየቅ፣ ተፈናቅሎ ለመጣ ሰው ልብስና እህል ማዋጣት። ጸሎቱን ሁሉም በየቤተ ክርስቲያኑ ይጸልይ፤ አካፋውን አብረን እንያዝ።

የሌላ ቤተ እምነት ሰው ታሞ ልጠይቀው ስሄድ ልጸልይለት?

በመጀመሪያ ጠይቀው። «ልጸልይልህ?» በለው። እሺ ካለ፣ የሁላችንም የሆነውን አባታችን ሆይን ጸልይ። ጸበል የማይጠጣ ከሆነ ጸበል አትርጭበት፤ እጅ ጭኖ መጸለይ የማይወድ ከሆነ እጅህን አትጫን። እምቢ ካለ ተቀመጥ፣ ውኃ ቅዳለት፣ የማታ መድኃኒቱን ሰዓት ጠብቀህ ስጠው። እናቴ የአጎቴን ሚስት በወለደች ጊዜ ስትጠይቃት አጥሚት ይዛ ሄዳ መቁጠሪያዋን ከትራሷ ሥር ወድቆ አገኘችው። አንስታ አቧራውን አራግፋ በእጇ አስያዘቻት፣ ከዚያም ልጁን ልታጥበው ውኃ ልታሞቅ ወጣች።